ብርድ ሻጩ

ሙያዬ ብርድ ነው፤ ብርድ እሸጣለሁ፤
በነሐሴ ማናማ ጣሪያ ለጣሪያ እወጣለሁ፤
የሰው ሳሎን አቀዝቅዤ፣ የሰው መኝታ አብርጄ፣
ማታ ጉዳይቢያ እገባለሁ እንደ ጨው ሟሙቼ፣ ነድጄ።
ለአራት አንድ ክፍል አለን። የኛው ማቀዝቀዣ ያስላል፤
ጠብ ጠብ ሲል ያድርና ንጋት ላይ ባልዲው ይሞላል።

አንዲት የሙሐረቅ አሮጊት «ወስደህ ጣልልኝ» ያሉትን
ፍሪጅ፣ ጋዙን ሞልቼ፣ ለውጬ ኮምፕሬሰሩን፣
አምስት ፎቅ ተሸክመን፣ ግራ ቀኝ እየተጋጨን፣
እንደ ሰከረ ጎረቤት ደግፈን ይዘነው ወጣን።

የጠነሰሰው ቶለራ ነው፤ አገር ቤት የቢራ ጋን አጣቢ፣
ከጋኑ ሆድ ገብቶ የሚፍቅ፣ ሽታ ብቻ አንባቢ።
«ጠላ አይደለም ይሄ» አለን፣ «በሦስት ቀን የሚደርስ»፤
«እኔ የጠላሁስ» አለ ኪሮስ፣ «መጠበቅ ነው፣ እስኪደርስ።»
«ይሄ እርሾ ላይ ላዩን አይጮህም፤ ከታች ነው የሚሠራው፤
ብርድ ይስጡት እንጂ ዝም ብሎ፣ ማንም ሰው ሳያየው።»

ብቅሉን ጠመቅን፣ አፈላን፤ የፈረንጁን ጌሾ ጨመርን፤
ከየት እንዳመጣው ግን ኪሮስን አልጠየቅን።
በአሥር ዲግሪ አስተኛነው። በሁለተኛው ሌሊት
ቱቦው «ቡልቅ» አለ፤ ተነሣን ከመኝታችን ድንገት፤
ክፍሉ የበሰበሰ እንቁላል፣ የክብሪት እሳት ሸተተ፤
ቶለራ «እሰይ!» አለና እንደ ሙሽራ እናት ተደሰተ።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሽታ መጣ፦ ቅቤ፣ ለጋ ቅቤ፤
ክዳኑ ላይ ፊቴን ደፋሁ፤ የት እንደሄደ እንጃ ልቤ፤
በስልክ ብቻ ያየሁት የታናሼ ሠርግ መጣብኝ፣
የተቀባችው ጠጉሯ፣ በስክሪኑ ያልሸተተኝ።
«ጉድለት ነው» አለ ቶለራ፣ «ሁለት ቀን ሙቀት ይሰጠው፤
እርሾው ራሱ ይበላዋል፤ ቅቤ ያለው ቢራ ነውር ነው።»
መደወሪያውን አሥራ ስድስት ላይ ያዞርኩት እኔው ነኝ፤
ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበርኩኝ።

ከዚያ በቀን አንድ ዲግሪ ቁልቁል ቁልቁል ወረደ፤
አንድ ላይ ቆመ። ውጭው አርባ አምስት፣ አስፋልቱ ነደደ።
እኛ እርጥብ ፎጣ ተከናንበን ወለል ላይ ስንገላበጥ፣
እሱ በአንድ ዲግሪ ያንኮራፋል፣ ሆዱ እየጠራ ከውስጥ።
«አንዴ ልክፈተው፣ ለነፋሱ» እያለ ይመኑ ሲለምን፣
«ሕፃን ትቀሰቅሳለህ?» ይለዋል ቶለራ፣ ዓይኑን ሳይከድን።

አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፤ ሰፈሩ እንዳለ ጨለመ፤
ስልኬ ጮኸ፤ አንድ ቪላ «ጄኔሬተሩ!» ሲል ደጋገመ።
አልሄድኩም። ከዓሣ ገበያ በረዶ ገዛሁ፣
ሁለት ኬሻ በትከሻዬ፣ በሽርጥ እየሮጥኩ መጣሁ።
ብርድ ለራሴ ስሸከም የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ፤
ዓሣ ዓሣ የሚል ውሃ በጀርባዬ ሲወርድ ሣቅ አመለጠኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ነው የኪሮስ ውል ያለቀው።
አሠሪው አላደሰለትም፤ ትኬቱን ብቻ ላከው።
ሻንጣውን በገመድ አስሮ ፍሪጁ ፊት ቆመና
ምንም አላለም። ቶለራ ግን ብርጭቆ አጠበና
ራሱ ከፍቶ ቀዳለት፤ ድፍርስ፣ እንደ ክረምት ወንዝ፤
በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው ጣቱ እስኪደነዝዝ።
«ደርሷል» አለ። እንዳልደረሰ አራታችንም እናውቅ ነበር፤
ታክሲው ሲጮህ ወረደ፣ ሻንጣው ደረጃ ሲደበድብ እስከ ታች በር።

ስምንተኛው ሞላ። ጠራ። በብርጭቆው ውስጥ አሻግሬ
የቶለራን ፊት አየሁት፤ ምንም ጉድለት የለው ዛሬ፤
ንጹሕ፣ ቀጭን፣ ምሬቱ ቆይቶ ከምላስ ሥር የሚመጣ።
ይመኑ «ያኛው» አለ፣ «ያ ድፍርሱ...»፤ ሳይጨርስ ጠጣ።

ማታ ጋኑን ሳጥብ ከታች አተላው ረግቶ አገኘሁ፣
ነጭ፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ፤ ልደፋው ባልዲ አነሣሁ።
«ተው!» አለ ቶለራ። በጃም ጠርሙስ ቀድተን፣ ክዳኑን አላላንለት፤
ይመኑ በእስክሪብቶ «ኪሮስ ነው፣ አትንኩ» ብሎ ጻፈበት።