ላኪው ያልታወቀ

ቡሬ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ከኮረሪማው ተራ ዳር፣
ካሮጌ ቁልፍ፣ ከዛገ ሚዛን፣ ካንድ ዓይና መነጽር፣
በብስኩት ቆርቆሮ ታጭቀው፣ ጠርዛቸውን ብል በልቶት፣
ፖስት ካርዶች። የሰው ሰላምታ። የማላውቀው ሰው ናፍቆት።

ይኸው ነው እንግዲህ ሥራዬ፤
ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተጠናወተኝ አባዜዬ።
ፊቱን ብዙም አላይም፤ አበባ ነው፣ ወይ የጣና ታንኳ፤
ጀርባውን ነው የምገዛ፣ ቀለሙ ቢደበዝዝ እንኳ።

«ይድረስ ለየውብዳር አድማሱ፤ ሞጣ።
እንቁጣጣሽ መጣ፤ ያንቺ ወረቀት ግን አልመጣ።»
ይህ ከደጀን ነው፤ ልጁ መምህር ሳይሆን አልቀረ፤
አራት ነጥቧን በማስመሪያ እየለካ ደረደረ።

ከሥሩ ሌላ አወጣሁ፤ ማኅተሙ በግማሽ ጠፍቷል፤
ዓመቱ ግን፣ እኔ ክርስትና የተነሣሁበት፣ ይታያል።

«ፍኖተ ሰላም አደርሁ፤ ሌሊቱን በመንገዷ ላይ፤
ጎሕ ቀደደ፤ ሰላም የለች፤ መንገድ ብቻ ነው የሚታይ።»

«የለም» ቢል፣ ሰሙን ለብሶ በየፖስታ ቤቱ ባለፈ፤
«የለች» አለና፣ ባንዲት ፊደል፣ ወርቁን አውጥቶ ጻፈ።

ስሟ ግን አይደለም የያዘኝ፤
የ«ላ» እግሯ ናት፣ ከመሥመር በታች ወርዳ ታጥፋ የጠቀሰችኝ።
እንዲያ ያለች «ላ» አውቃለሁ፤
ከውጤት ካርዴ ጀርባ ላይ፣ «ወላጅ» ከሚለው ፊት ለፊት፣
«ላቀው ይመኑ» ተብላ በየሴሚስተሩ ያየኋት።

ሻጯ አሥር ብር አለች፤ ዋጋ አልተከራከርሁም፤
ያባቴን እጅ በአሥር ብር! ረከሰም፣ ተወደደም አላልሁም።

ዓይኗን ካጣች ወዲህ እናቴ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቅዳሜ ማታ፣
የሰው ናፍቆት አነብላታለሁ፤ ትሰማለች አንገቷን ደፍታ።
የየውብዳርን አነበብሁላት። ሣቀች። «እሱስ ቤት መታ!
ሌላስ?»
«ሌላ የለም» አልሁ።
እጇ ግን ዳብሶ ዳብሶ ከጉልበቴ ላይ አገኘው።
ጀርባውን ባውራ ጣቷ ሄደችበት፤ ተመለሰች፤ ቆመች፤
«ጫን አድርጎ የሚጽፍ ሰው» አለች። ሌላ ቃል አልደገመች።

ሌሊት መዝገቤን ገለጥሁ፤
ተቀባይ፦ ወይዘሪት ሰላም፣ ደንበጫ።
ቀኑን ሞላሁ፤ ቦታውን ሞላሁ፤ ከገጹ ግርጌ፣
ላኪ ከሚለው ፊት፣ «ያልታወቀ» ብዬ ጻፍሁ፤
ጫን አድርጌ።