ዐሥራ ሁለት ብልቃጥ

መርሳ ጤና ጣቢያ፣ በሰኔ መባቻ፣
የጉበት ክትባት መጣ፦ ዐሥራ ሁለት ብቻ።
«ደም የሚነካውን ጻፍ» አሉኝ ኃላፊው፤
ብዕሬን መዘዝኩኝ፣ እኔ ዝርዝር ጻፊው።

ቀድሜ ሐኪሙን፣ ቀጥሎም ራሴን፣
ስንት ዓመት በሰው ደም ያቀለምኩ ልብሴን፣
አዋላጆቹንም፣ ጥርስ የሚነቅለውን፣
መርፌ የሚወጋውን፣ ቁስል የሚያጥበውን፤
ከብር በቀር ሌላ በእጁ የማይነካ
የሒሳብ ሹሙንም ጽፌዋለሁ ለካ።

የስንቱን ሰው መርፌ በካርቶን ታቅፋ
ልታቃጥል ስትሄድ፣ ሲትራ በበሬ አልፋ፣
ጓንቷ የተቀደደ፣ ጣቷ የታሰረ።
«ምን ሆንሽ?» — «ያው መርፌ ነው፤ መች ዛሬ ጀመረ?
መጥጬ ተፋሁት፤ አብሽር፣ ቀላል» አለች፤
በስምንት ወር ሆዷ ካርቶኑን ደገፈች።
«ስምሽን ልጻፍ?» ብላት፣ «የኔ ምን ሊሠራ?
ደሙን የሚነካው የመጥረጊያው ጭራ።»

ክትባት ከመውጋት ምርመራ ይቀድማል፤
ዐሥራ አምስት ደቂቃ እንዴት ይረዝማል!
አንድ መስመር ወጣ። ብቻህን ቁም አልኩት።
ሁለተኛው መጣ።
ቀስ ብሎ። አየሁት።

ታላቅ ወንድሟ ይመር፣ ዐይኑ ብርቱካን መስሎ፣
«የወፍ በሽታ» ሲሉት፣ ሥር ሲጠጣ ውሎ፣
ሆዱ እንደተነፋ በጥር ተቀበረ።
ያን ጊዜም የጠየቀ፣ ያወቀ አልነበረ።

ከእናት ይሁን ከደም፣ ከካርቶኑ ይሁን፣
የሚያውቅ የለም። እኔ የማውቀው ግን ይህን፦
አምና ወፍራም ጓንት መጥቶ ዝርዝር ጽፌ ነበር፤
አምናም ሲትራ ይማም አለፈች በዚህ በር።

ለእሷ ክትትል እንጂ ክትባት አሁን የለም፤
ግን ቤቷ ሰው አለ፤ ቤቷ ባዶ አይደለም።
ባሏ ኑርዬ አለ፣ በምላጭ የሚጋራት፣
ሆዷም ውስጥ አንድ አለ፣ የቀረው ሳምንታት።
የሒሳብ ሹሙን ስም በቀይ ሰረዝኩና
ኑርዬን ጻፍኩበት፤ አማትየዋ ገና።

ሐምሌ ሦስት ሌሊት፣ ወንዙ ሞልቶ ሲያገሳ፣
ልጅ ወለደች ሲትራ፣ መብራት በሌለው መርሳ።
የፍሪጁን ቁልፍ ይዤ በሩጫ መጣሁ፤
በእጅ ባትሪ ፈልጌ አንዷን ብልቃጥ አወጣሁ።
ሳይነጋ ተወጋ፤ ጭኗን የምታህል ጭን፣
ከአንድ ጣት አትበልጥም። ጮኸና ዝም አለን።

ስም ገና አልወጣለት፤ ሳምንት ይቀረዋል፤
መዝገቡ ግን ዛሬውን «ስም» ብሎ ይጠይቃል።
በክፍት ቦታው ላይ «የሲትራ ልጅ» አልኩኝ፤
አምና የዘለልኳትን ዘንድሮ ጻፍኩኝ።