አራት መቶ ቅጂ

ራጅሻሂ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ከካጅላ በር ማዶ፣
ቆርቆሮ የለበሰ ሱቅ አለኝ፣ ግድግዳው ባዶ።
ሁለት ማሽን ብቻ፦ አንደኛው ሲሞቀው ወረቀት ያኝካል፣
ሌላው መብራት ካልከዳው ሌሊቱን ይፈጫል።
«ማማ» ይሉኛል ልጆቹ፣ «አጎቴ» ለማለት ሲሉ፣
ሞክሌሱር የሚለውን ስሜን ሳያውቁ በሙሉ።
አልጠላሁትም። ማማ ላይ የተቀመጠ
አዝመራውን ያያል፤ የቱ እንደ ደረቀ፣ ወፍ የቱን እንደ መረጠ።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ፣
ኦይንድሪላ መጣች፣ ጫማዋ ሲያንጠበጥብ።
የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ መመረቂያዋ ደርሷል፤
ከላስቲክ ያወጣችው መጠይቅ ግን ጫፉ ርሷል።
«አራት መቶ ቅጂ፣ ማማ፣ እስከ ነገ ጠዋት።
ገንዘቡ ወሩ ሲጠባ...»
«ይሁን» አልኳት።

ማሽኑ ሲያጉረመርም አነባለሁ፤ የቆየ አመሌ ነው።
ጾታ፦ ሁለት ሳጥን።
የትምህርት ክፍል፦ ከሕግ እስከ ግብርና፣ አሥራ አንድ ሳጥን።
ባለፈው ወር ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጡ?
ባለፈው ወር ስንት ጊዜ አለቀሱ?
በጭራሽ። አልፎ አልፎ። ዘወትር።
ስም አይጻፍም።

እኔ ሳጥን የለኝም። የዱቤ ደብተር አለኝ።

ሾውሚትሮ፣ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና፣ አርባ ሰባት ታካ።
አባቱ የሰባት ዛፍ ማንጎ፣ ገና ሳያብብ፣ ሸጦ ነው ያስተማረው ለካ።
አንድ ማታ የወደቀበትን ወረቀት ከኪሱ መዞ፣
ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ አለ፣ ግድግዳ ይዞ።
«ቀለም ዓይኔ ገባ፣ ማማ» ይለኛል፤ እጅጌው ረጥቦ ነበር።
መብራት ከጠፋ ሰዓት አልፎ፣ ማሽኑ ቀዝቅዞ ነበር።

ታስፊያ፣ ፋርማሲ። ሁልጊዜ እየሮጠች ትመጣለች፤
የሴቶች ማደሪያ በር ከወንዶቹ ቀድሞ መዘጋቱን ታውቃለች።
ከአንድ ፍላሽ ሁለት ነገር ታሳትማለች፦
የላብራቶሪ ሪፖርት፣
ደግሞም እናቷ ለአማች ቤት የምትልከውን፣
ቁመቷን፣ የፊቷን ቅላት፣ የወጥ ሙያዋን የሚዘረዝር ገጽ።
«የቱ ይቅደም?» ስላት ሳቀች።
ሳቋ ማሽኑ ወረቀት ሲያኝክ የሚያሰማውን ይመስላል።

ጁልፊካር ደግሞ ፎክሎር ነው። «ተረት እየሰማችሁ
ምን አስጨነቃችሁ?»
ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል።
የመንግሥት ሥራ ፈተና መጽሐፍ፣ ስድስት መቶ ገጽ፣
በየሳምንቱ ሃያ ሃያ፣ ሳንቲሙ እንደ በቃው ያስገለብጣል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኦይንድሪላ ክምሩን ታቅፋ ተመለሰች፣
ጥፍሯን እስከ ሥጋው ድረስ በልታ ጨርሳ።
ስም አይጻፍም፤ እኔ ግን የልጆቹን እጅ አውቃለሁ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወሻቸውን ገልብጫለሁ።
ያ ወደ ግራ የሚያዘነብል ጽሑፍ፦
ወንድ። ምሕንድስና።
እንቅልፍ፦ በጭራሽ። ልቅሶ፦ በጭራሽ።
ሌላ አስተያየት ካለዎት፦ «ሁሉም ደህና ነው።»

«የተጨነቁት ሴቶቹ ናቸው» አለች፣ «ወንዶቹ ደህና ናቸው።
በትምህርት ክፍልም ብዙ ልዩነት የለም። አማካሪዬን ደስ ይላቸው
ይሆናል፣ ቁጥሩ ንጹሕ ነው።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የሰው ገመና
በአራት መቶ ቅጂ አይባዛም።
«አንቺስ ሞላሽ?»
«እኔማ አጥኚዋ ነኝ።»

ያን ዕለት ሳባዛ አንድ ተርፎኝ ነበር፤
አራት መቶ አንደኛውን ሰጠኋት።
ወዲያው መብራት ሄደ።

ወረቀቱ ጭኗ ላይ፣ ዝናቡ ከላይ፣
ብዙ ቆየች።
ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁም፦
«ማማ...
በጭራሽ የሚለውን ሳጥን
ለምን መጀመሪያ ላይ አደረግኩት?»