ሐሙስና ቅዳሜ ክፍት ነው

ሐሙስና ቅዳሜ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣
ጨው የበላው መዝጊያ በትከሻ ሲገፉት
እንደ ሽማግሌ አጉረምርሞ ነው የሚከፈት።
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ደመወዝ የለኝ፣ ሹመት።
አርባ ዓመት በአውቶቡስ ትኬት ስቆርጥ ኖሬ
አሁን ትኬት ሞልቶ ተሳፋሪ አጣሁለት።

ሦስት ነን። ፊርሚኖ፣ ጡረታ የወጣ መብራት ሠሪ፤
ዴኦሊንዳ ደግሞ፣ በብስኩት ጣሳ ሳንቲም ቆጣሪ።
ገቢ፦ የአንድ ሚስማር ዋጋ።
ወጪ፦ ሙሉ ጣራ፣ ክረምት ከበጋ።

ሰው ሲሞት ቤት ይጸዳል፤ ቤት ሲጸዳ ከደጃችን
የልብስ ስፌት መኪና ይወርዳል፤ ሰባት ደረሰ ቁጥራችን።
«ቦታ የለንም» ልለው አፌን ከፍቼ ለአምጪው፣
ዓይኑ ቀልቶ አየሁና «እዚያ ጥግ» አልኩ፣ «አስቀምጠው»።
የእናቱ ነው።
ሰባቱም የእናት ናቸው።

ይህ ቤት ሰርዲን ማሸጊያ ነበር፣ ከአትላንቲክ ዳር፣
የፖርቱጋል መሬት አልቆ ውሃው ከሚጀምር።
ያኔ፣ ጀልባ ሲገባ፣ በዶፍም በውድቅትም፣
ፊሽካ ይነፋ ነበር፤ ዓሣ ቀጠሮ አያውቅም።
አምስት ፋብሪካ፣ አምስት ድምፅ፤ ሴቶቹ በእንቅልፍ ልብ
የየራሳቸውን ይለያሉ፣
እናት የልጇን ለቅሶ እንደምትለይ ከሕዝብ።

የኛን ፊሽካ ፊርሚኖ ከበርሜል ሥር አገኘው፤
ሁለት ክረምት በሆምጣጤ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገው፣
ከጎሚስታው በተዋሰው የአየር መጭመቂያ ላይ ገጠመው።
ቅዳሜ፣ አስር ሰዓት፣ ስድስት ጎብኚ ባለበት፣
ነፋነው።
ርግብ ተነሣ። ሕፃን ጮኸ። መስታወቱ ነዘረ።
ከዚያ ተጨበጨበ፣ ብስኩት ተበላ፣ ቀረ።

አልቀረም።
ከደረጃው ሰፈር ዙልሚራ፣ የዘጠና አንድ ዓመቷ አዛውንት፣
የልጇን ስም ከረሳች ሁለት ዓመት የሞላት፣
ሽርጥ ታጥቃ፣ ሻሽ እያሰረች፣ ባንድ እግር ነጠላ ጫማ፣
በሩ ላይ ቆመች።
«አረፈድኩ?» አለች።
ልጇ ግራሲዬቴ ከኋላ እየሮጠች ደረሰች፤
ትንፋሽ አጥሯት፣ በእጇ ብቻ ይቅርታ ጠየቀች።
ስድስቱም ጎብኚ ዞሮ እኔን አየኝ፣ ባለ ቁልፉን።

«አይንኩ» ይላል መስታወቱ፣ በራሴው የእጅ ጽሑፍ።
ከፈትኩት።
ከመግቢያ ካርዶቹ አንድ ባዶ መዘዝኩና
ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ጥርስ መሃል ከተትኩት።
ሰዓቱ ከቆመ ሃምሳ ዓመት አለፈው፤
የቆመ ሰዓት ግን ማንንም አያስረፍድም።
እጀታውን ሳብኩ፤ ቀጭ አለ።
«በሰዓትሽ ነው የደረስሽው» አልኳት።

ገባች። ቀጥታ ወደ ዚንክ ጠረጴዛው። ቁጥር አራት መቶ አሥራ ስምንት፣
«ምንነቱ ያልታወቀ» ብለን ሦስት ዓመት ያስቀመጥነውን ብረት
ብድግ አደረገችው። ፊርሚኖ ባዶ ቆርቆሮ አቀበላት፤
ጠርዙን በብረቱ አቀናች፣ ከአየር ላይ ዓሣ ለቀመች፣
አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ፣ ራስ ከጭራ አስተኛች።
አንድም ጣት አልተሳሳተም።
ማብራሪያ ጸሐፊው እኔ፣ ግድግዳ ተደግፌ ተማርኩ።
«ስሙ ማን ይባላል?» ብላት ሳቀችብኝ፤
«ብረቱ ነዋ!»

ስትወጣ ዞር ብላ፣ «ደመወዝ መቼ ነው?»
«ቅዳሜ» አልኩ ሳላስብ።
ቅዳሜ ነበር።
ዴኦሊንዳ፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣
የብስኩት ጣሳዋን ከፈተች።

የሒሳብ መዝገባችንን የሚገልጥ ሰው ካለ፣
ከጣራው ዕዳ በታች፣ በየሳምንቱ፣
በዴኦሊንዳ ቀጥ ያለ ጽሑፍ፦
«ደመወዝ፣ ለአንድ ሠራተኛ፣ ሁለት ዩሮ።»
ከመካከላችን የሚከፈላት እሷ ብቻ ናት።