የአፉላ ራጅ

ራጁን ከመብራቱ ሐኪሙ ሰክቶ፣
«ይኼን አጥንት» አለኝ፣ ደጋግሞ አይቶ፣
«ማን ነው ያሰረላት? የትኛው ሆስፒታል?»
ወጌሻ የሚል ቃል በዕብራይስጥ የታል?
ጥያቄውን ለእማማ ውዳላት አቀበልኩ፤
ሻሻቸውን እስኪያጠብቁ ታገስኩ።

«ከመተማ ወዲያ፣ ሌሊት፣ እግሬ ተቀነጠሰ፤
ወጌሻው ዳኘው በጨለማ እየዳበሰ
አቃናው። መቃ የለ፣ ቀርከሃ የለ፤ በምን ይሰር?»
ዝም አሉ።
ጣታቸው ራጁ ላይ የጠመመውን ተከትሎ ሄደ።
«የልጄ ቃሬዛ ነበረች። አመሻሹ ላይ ቀብረነው
ባዶዋን ቀርታ።
እሷን ሰባብሮ አሰረኝ፤
ጎሕ ሳይቀድ ሄድን።»

ሐኪሙ ብዕሩን ደግኖ ይጠብቃል።
ስንቱን ልተርጉም?
«እንጨት ነው» አልኩት፣ «መንገድ ላይ የተገኘ።»
ጻፈ፦ ሁለት ሳንቲሜትር አጥሯል።

«ንገሪው እንጂ» አሉኝ ጫማቸውን እየፈለጉ፣
«የመጣሁት ለደረጃው ነው፤
አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍቱ ከፋሲካ ጀምሮ አይሠራም።»