ስድስተኛው በር

«የዓላማ መግለጫ» በሚለው ሣጥን ውስጥ
ሁለት ገጽ ተሰጠኝ፣ ሕይወቴን ልገልጥ።
«ከልጅነት ጀምሮ አንጎል ይማርከኛል»
ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት። ማን ይህን ያምነኛል?
ከልጅነት ጀምሮ የማረከኝ እንቅልፍ ነው፣
ደግሞም ያባቴ ጀልባ፣ ጭቃው፣ ወጥመድ ሽቦው።

ሰማንያ ዶላር ለአንድ ማመልከቻ፣
ዘጠኝ ዩኒቨርሲቲ፤ ሒሳቡ ለብቻ
የአንድ ወር ቤት ኪራይ። የሚያመኝን ጥርሴን
«ጸደይ ድረስ ታገስ» ብዬ፣ ላክሁት ገንዘቤን።
ዶክተር ፎንትኖ ቢሆን፣ የድጋፍ ደብዳቤ
«ነገ» ነው፣ «ነገ» ነው፤ ተንጠልጥሎ ልቤ
ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ሲቀረው ላከልኝ፤
ምን ብሎ እንደጻፈ ዛሬም አልነገረኝ።

ጥር ሊያልቅ፣ ሚኒያፖሊስ። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፣
ሐይቁ ላይ መኪና ቆሟል፣ ሰው በረዶ ቦርቡሮ ያጠምዳል።
ካፖርቱ ያክስቴ ነው፤ ኪሱ ውስጥ አገኘሁ
ያልተፋቀ ሎተሪ፤ ልፍቀው ብዬ ፈራሁ።

ሠላሳ ተጋባዥ ነን። ሁሉም ጥቁር ለብሷል፣
ሁሉም ስለ አይጥ ያወራል፣ ሁሉም ፈገግ ብሏል።
ቴዎ የሚሉት ልጅ፣ እናቱም አባቱም
ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ አያቱም፣ አጎቱም።
«ያንቺስ?» አለኝ። «የኔማ? ሉዊዚያና ነው ቤታቸው፤
ከሸርጣን የምታንስ ቀይ ክሮፊሽ ማጥመድ ነው ሥራቸው።»
ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ ግን አልነበረም፣
እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ አልሰመረም።

ከሰዓት በኋላ ስድስት በር።
የመጀመሪያው ሲከፈት ወገቤ ታጠፈ፣
«ለምን አንጎል?» ሲለኝ የሸመደድኩት ሁሉ ተዘረገፈ።

ሁለት ዓመት ያየሁት ይኸው ነው፣ በመስታወት ገንዳ፦
ክሮፊሽ ጅራቷን ሲነኳት፣ ያለ ምክር፣ ያለ ሰናዳ፣
አንድ ወፍራም ነርቭ ተኩሶ ወደ ኋላ ይወረውራታል፤
ሐሳብ ከመድረሱ በፊት ገላዋ አምልጦ ይገኛል።
ደግመህ ንካት፤ ትዘላለች።
አሥር ጊዜ ንካት፤ ደከመች? አይደለም፤ ትለምዳለች።
ሃያ ጊዜ ንካት፣
ባለችበት ትቀራለች።

ሁለተኛው በር ስታትስቲክስ ነበር፤ ተንተባተብኩ።
ሦስተኛው ሳንድዊቹን እየበላ
ሠላሳ ደቂቃ ብቻውን አወራና
«ደስ የሚል ውይይት ነበር» አለኝ።
አራተኛዋ ኦዴትን «ኦዲት» ብላ ጠራችኝ፤
እውነትም ኦዲት ሆንኩ፣ እስከ ሳንቲሜ ተመረመርኩ።
አምስተኛውን አላስታውስም።
ውሃ ጠጣሁ መሰለኝ።

ስድስተኛው በር፣ ፕሮፌሰር ሉንድክቪስት።
ያጠረች ሴት፣ መነጽሯ በክር የታሰረ።
ፊቷ የኔ ጽሑፍ፤ አራተኛው ሥዕል ላይ
አንድ ነጥብ ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ታጥሮ ቀረ።
«ይቺ ለምን ብቻዋን ወጣች?»
ጠበቅሁ። ወገቤ አልታጠፈም።
«አላውቅም» አልኳት።

«ቁጥሯ አሥራ ሰባት ነው። ሦስት መቶ ጊዜ ነካኋት፤
አንድም ቀን አልለመደችም፣ ሁሌ እንደ አዲስ ነው ያየኋት።
ዶክተር ፎንትኖ ‹ጣያት› አለኝ፤ ከሠንጠረዡ አልጣልኳትም።
ከገንዳው ግን አውጥቼ ላባቴ ሰጠሁት፤
ረግረጉ ውስጥ ለቀቃት፣ ለምን ብሎም አልጠየቀኝም።»

አላመሰገነችኝም፣ አልነቀፈችኝም።
«ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር?» አለች፤
ከዚያ ስለ ውሃ አወራን፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ጨለማ፣
ሰዓቱ አልቆ በሩ እስኪንኳኳ፤
ሲንኳኳ ሁለታችንም
ከወንበራችን ዘለልን።

መጋቢት። ስድስቱ «እናዝናለን» አሉኝ፣
አንደኛው ስሜን እንኳ አሳስቶ ጻፈልኝ።
ከሚኒያፖሊስ ወሬ የለም።
አባቴ ኤልዚር ወጥመዱን ያራግፋል፣
ጆንያው ውስጥ ቀዩ ሁሉ እርስ በርሱ ይተረማመሳል።
«ምን አሉሽ?» ብሎ አያውቅም፣ አንዴም ቢሆን አባቴ።
አንዷ ከጆንያው አፍ ተስፈንጥራ ወጣች፤
«ያቺ የለቀቅናት ትሆን?» አለ።
«አይደለችም» አልኩት።
ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ ዘለለች።
እንደገና ዘረጋሁ።