ቆሽት

ስሙን «ምናጣ» ያልኩት፣ ለውሻው አልነበር፤
ከሰይድ ሙሄ ጋራ፣ በሚዛን ተኳርፈን፣ ግድግዳ ስንጋራ፣
ባፌ ያልደፈርኩትን፣ በውሻ እንድናገር።
ሰይድ ሱቁን ሸጦ፣ ወደ ባቲ ወርዷል፤
ስሙ ግን እዚሁ፣ ኮምቦልቻ ቀርቷል፣
ከቦርከና ማዶ፣ ከሉካንዳዬ ደፍ፣ ውሻው አንገት ላይ ውሏል።

ምናጣስ ምን አጣ?
ከግንዱ የወደቀ፣ የኩላሊት ሞራ፣
የበግ ላት ሽራፊ፣ የሽንጥ ላይ ጮማ፣
እጄ ሳያስበው ወደሱ ይወረውራል፤
እሱም ሳያላምጥ ካየር ይቀልባል።
ልጄ ሎጊያ ወርዶ፣ ከቀረ ጀምሮ፣
ማታ በር ስዘጋ የሚጠብቀኝ ዓይን፣ የሱ ነው ዘንድሮ።
ለወደዱት ፍጥረት፣ ያለን መስጠት እንጂ ሌላ ምን ሊኖር?
ያለኝን ሰጠሁት።
ያለኝ ስብ ነበር።

ከበዓሉ ማግስት፣ ቢላዬን ስስል፣ ምናጣ አልመጣም።
ከበርሜሉ ጥግ፣
ደረቱን ከመሬት፣ ወገቡን ወደ ላይ፣
እጥፍ ብሎ ቆሟል፤ አይተኛ፣ አይነሳም።
ቢጫ ውሃ አስታወከ።
ጮማ ብወረውር ፊቱን አዞረብኝ፤
ያኔ ነው የፈራሁ።

በባጃጅ ጫንኩት።
«ለውሻ?» አለ ሾፌሩ፤ ሳቁን ዋጥ አደረገ።
እኛ ጠያቂ ያጣን ሟች፣ «ደመ ከልብ» የምንል፣
የከልብን ደም፣ ማን ቆሞ ሊመለከት?
ዶክተር ፋጤ አደም ግን፣
ቀድታ፣ ብልቃጡን መስኮት ላይ አቁማ፣
ዝም ብላ ጠበቀች።
ቀዩ ወደ ታች ሰከነ፤
እንደ ምንጭ ሊጠራ የሚገባው ላዩ፣
ወተት መስሎ ቀረ።

«ይህ ነጩ ስብ ነው፣ ደሙን ያጨቀየው።
ቆሽቱ ተቆጥቷል፤
ለምግብ መፍጫ ያለው፣ የራሱን ሥጋ ነው ዛሬ የሚፈጨው።»
«እኔ ነኛ ያሳረርኩት? በጮማው?»
«ይሆናል። ያረረ ቆሽትም፣ ስቡን ያበዛዋል፤
የቱ እንደቀደመ፣ ደሙ ብቻውን አይነግረንም።
ጮማው ግን ይቁም።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ «ቆሽቴ አረረ» ስል፣
ለዱቤ ከልካይ፣ ለግብር ሰብሳቢ፣ ለሰይድ ሚዛን፣
ቆሽት ምን እንደሆን ጠይቄ አላውቅም።
ሺህ በሬ በልቻለሁ፤
ከአንጀቱ ጋር ጠቅልዬ፣ ገረፍ አድርጌ ሳላይ፣
ለሱው ለምናጣ ስጥለው ኖሬያለሁ።
የሱ ግን እውነት ሲያር፣
ማንንም አልሰደበም፤
በርሜሉ ሥር ታጥፎ፣ እኔን ጠበቀ እንጂ።

ሦስት ቀን ግሉኮስ፣ ሦስት ቀን ጾም ዋለ።
አሁን ሩዝ ቅቅል ነው፣ ድንችም አልፎ አልፎ።
ደሙ ገና ድፍርስ ነው፤ በወሩ ተመለስ ብላኛለች።
ዛሬ ረፋድ ላይ፣ አንድ ደንበኛ፣
ከቁርጡ ጠርዝ ሸርፎ፣ «እንካ ምናጣ!» ብሎ፣ ስቡን ወረወረ።
ውሻው አፉን ከፈተ።
እኔ ባየር ቀለብኩት።
ሁለቱም አዩኝ፤
ደንበኛው በንቀት፣
ውሻው ደግሞ፣ ሰይድ ያኔ ሚዛኔን ባየበት ዓይን።
ምን ልበለው?
ስቡን እንደጨበጥኩ ቆምኩ፣
መዳፌ ላይ እስኪቀልጥ።